ሰውየው የተንበረከከበት ገጽ

እና ያቺን ገጽ ብዘላትስ፣ ማን ያውቃል፣ ከበፊቱ ገጽ ተነስቼ ቀጣዩ ላይ ባርፍ ዝናቡ ራሱ ይሸፍንልኛል፣ ቆርቆሮው እንዲህ እየጮኸ ማን ገጽ ይከታተላል፣ ጋሽ ወንዳፈረው ግን ያውቃሉ፣ እሳቸው ወዲያው ያውቃሉ፣ ያቺን ገጽ እየመላለሱ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ የሰጠኋቸውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና ሰሎሜ፣ ይሄ ሰውዬ ሰው አይደለም አሉኝ፣ ሐውልት ነው፣ ሽጉጥ ተደግኖበት እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው እኔ አይቼ አላውቅም፣ አንቺ አይተሻል ወይ። አላየሁም። እንግዲያው ያየሽውን ጻፊ። ጻፍኩት። ይኸው አሁን ጭኔ ላይ ተቀምጦ በእጄ ላብ እየራሰ ነው።

መድረኩ ላይ ያለው የባንክ ሠራተኛ ስለ ፍቅር የጻፈው ግጥም አያልቅም፣ አያልቅ፣ እንዲሁ እስኪመሽ ያንብብ። ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ሆሳዕና ከተማ ላይ ቆሞ ስለ ደቡብ አፍሪካ አነባለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠዋት አልገባኝም ነበር፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወንድም፣ ባል፣ ልጅ ወይ አጎት እዚያ የሌለው እጁን ያውጣ ቢባል ማን ያወጣል፣ ጋሽ ወንዳፈረው ብቻ፣ እሳቸው ለማስተማር ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሌላው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፣ የሚያውቀውን ደግሞ በሚያውቀው መልክ ነው መስማት የሚፈልገው፣ ልጁ ሄደ፣ ተቸገረ፣ ጌታ ረዳው፣ አይሱዙ ገዛ፣ ፎቅ ሠራ፣ አሜን። መሃል ላይ ያለችውን ተቸገረ የምትለዋን ቃል ከፍቶ ውስጧን ያየ የለም። እኔ ከፈትኳት። ምን አስከፈተኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ እንጀራዬን አልበላም ነበር ወይ።

የከፈትኩት ያ ምሽት ስላልተወኝ ነው። ስለማይተወኝ ነው። ሳሙና ሲሸተኝ ይመጣል፣ የብረት በር ሲንኳኳ ይመጣል። ልጄን ልወልድ ወደ አገሬ ስመለስ እዚያ ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፣ ትቼ የመጣሁት ግን ባሌን ነው፣ ያ ምሽትስ አብሮኝ መጥቷል።

በሩ ተከፈተ፣ የዝናቡ ድምፅ ገባ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ነጠላ፣ አይ፣ አይ፣ እማማ አስናቀች ናቸው። አማቴ። የአጵሎስ እናት። ጉልበቴን አሞኛል አልመጣም ብለውኝ አልነበር ጠዋት፣ ሰው ከፊት ወንበር እየተነሳ ኑ እዚህ ይቀመጡ ይላቸዋል፣ የአጵሎስ እናት ናቸው እኮ ሲባባሉ ይሰማኛል፣ አዎ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ይህን ዛሬ የተዋስነውን ድምፅ ማጉያ የላከው፣ የእናቱን ቤት በግንብ የሠራው፣ ያ ድምፀ መረዋው፣ የመዘምራኑ መሪ። ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝና እንደ ሰርግ ቀን ፈገግ አሉልኝ። ስለ ልጃቸው ጀግንነት ሊሰሙ ነው የመጡት። በዚህ ዝናብ።

ጭብጨባ። ግጥሙ አልቋል። ቀጥሎ እህታችን ሰሎሜ ይላሉ ጋሽ ወንዳፈረው በማይኩ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ታቀርብልናለች፣ እህታችን እንደምታውቁት እዚያው ኖራ ያየችውን፣ ኧረ አይበሉ ጋሼ፣ ያየችውን አይበሉ፣ የፈጠረችውን ይበሉ። ተነሳሁ። ማይኩን ተቀበልኩ፣ ሲነኩት ይጮኻል፣ ወረቀቱን ከፍ አደረግሁ፣ ድምፄን ጠረግሁ፣ ቀና ስል እማማ አስናቀች ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ አዙረዋል፣ ሊቀርጹኝ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ የኢሞ ቪዲዮ ጥሪ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ትንሽ ፊት አለ፣ ከፊቱ ጀርባ የሳርዲንና የሳሙና መደርደሪያ።

አጵሎስ።

በርቺ ልጄ ይላሉ እማማ ጮክ ብለው፣ እሱም እየሰማሽ ነው፣ ስለ እናንተ ነው የምታነበው ብዬ ብነግረው ደስ ብሎት ሱቁን ዘጋ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከስልኩ የተቆራረጠ ድምፅ፣ ሰሊ፣ ይሰማል፣ ይሰማል፣ ጀምሪ።

ደስ ብሎት። እኔ እንዲሁ ልብ ወለድ ነው ብዬው ነበር፣ ስለ ምንድን ነው ሲለኝ ስለ ኑሮ አልኩት፣ ስለ ኑሮ። ያቺ ገጽ ላይ ያለውን ነገር እኔና እሱ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም፣ አንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን አላነሳነውም፣ በስልክ አላነሳነውም፣ አሁን በማይክ ልነግረው ነው፣ በእናቱ ፊት፣ በከተማው ፊት። አሞኛል ልበል። ራሴን አዞረኝ ብዬ ልውረድ። አፌ ግን ጀምሯል፣ የራሴ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ሲመጣ እሰማዋለሁ፣ ዘርአብሩክ ሱቁን የሚከፍተው ከውስጥ ነው፣ ምክንያቱም የሚያድረውም እዚያው ነው ይላል።

ዘርአብሩክ ብዬዋለሁ፣ ስሙን ቀይሬ ማንን ላታልል ነው።

ሎኬሽን የሚሉት የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ ነው ሱቁ፣ ፊቱ በሙሉ የብረት ፍርግርግ፣ ገንዘብ በቀዳዳ ይገባል ዳቦ በቀዳዳ ይወጣል፣ አልጋው በሳሙናው ካርቶንና በነጭ ጋዙ በርሜል መሃል፣ ደንበኞቹ ምን ዓይነት ሽቶ ነው የምትቀባው ብለው ይጠይቁታል። ሳቁ። እናቱ ደውላ አንተስ ቤትህ ፎቅ ነው ወይ ስትለው ቀና ብሎ ከራሱ በላይ የተደረደረውን የዱቄት ጆንያ ያይና አዎ እማ፣ ከላይም ሰው አለ ይላታል፣ እዚህ ጋ አዳራሹ ፈነዳ፣ እማማ አስናቀችም ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ፣ ስልኩ በእጃቸው ይወዛወዛል፣ በስልኩ ውስጥ አጵሎስም ይስቃል፣ ጥርሱ ይታየኛል፣ ስንት ዓመት ሆነኝ ሲስቅ ካየሁት፣ እዚህ ላይ ባቆምስ፣ ሁላችንም እንደሳቅን ቤታችን ብንገባስ።

ሙሽራዋ መጣች። ሙሽራዋ እኔ ነኝ። አጵሎስ እኛ አገር ጃጁራ ለመንፈሳዊ ጉባኤ መጥቶ ብቻውን ቆሞ ሲዘምር ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ በሀዲይኛ፣ ከኋላ ቆሜ፣ ፊቱን እንኳ በደንብ አላየሁትም፣ ከዓመታት በኋላ ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ይዘው ሲመጡ እኔ ድምፁን ነው እሺ ያልኩት። ይህንንም ጽፌዋለሁ። እያነበብኩት ነው። ሴቶቹ እምም ይላሉ።

ገጹ አለቀ።

ገለጥኩት።

እዚያው ነው። መስመሮቹ አንድ በአንድ ያዩኛል። የድሮው፣ ሐውልቱ ያለበት ጽሑፍ በቃሌ አለ፣ ዘርአብሩክ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዓይናቸውን እያየ ጌታ ይገሥጻችሁ አላቸው፣ ወረቀቱን እያየሁ ያንን ማለት እችላለሁ፣ ጋሽ ወንዳፈረው ቅር ይላቸዋል እንጂ አይሞቱ። በእኛ አገር ምራት የባሏን እናት ስም አትጠራም ነበር፣ ስም ብቻ አይደለም በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምር ቃል ሁሉ ክልክል ነው፣ አክስቴ እንዲያ ነው የኖረችው፣ አንዱን ቃል ስትሸሽ ሌላ ቃል ስትፈልግ፣ ቤት ውስጥ ዕቃ ለመጥራት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም፣ ተው ብንላት ከአፌ ይወጣብኛል ብዬ ስፈራ ነው የማረጀው ትል ነበር። እኔ የተማርኩት እኮ ያንን ላለመሆን ነው። እንዴት ቀላል ነው ግን መዝለል። እንዴት ይመቻል። ጋሽ ወንዳፈረው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ወደ እኔ ላለማየት፣ የወደድሽውን አድርጊ ማለታቸው ነው። ፊት ለፊት ካሉት ወጣቶች አንዱ ወደፊት ጠጋ ብሏል፣ ስንቶቹ ናቸው በዚህ ወር ወደዚያ የሚነሱት፣ ሐውልቱን ሰምተው ነው የሚሄዱት፣ እዚያ ሲደርሱ እንደ ሐውልት መቆም ሲያቅታቸው እኔ ብቻ ነኝ ፈሪው ብለው ያልቃሉ፣ አጵሎስ እንደሚያልቀው፣ በሩቅ፣ ዝም ብሎ።

ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሦስት ሰዎች ገቡ አለ ድምፄ።

አነበብኩት። ቃል ሳልዘል። ሙሽራዋ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ በሆዷ ተኝታለች፣ በሁለት ጆንያ መሃል ባለች ስንጥቅ ታያለች። የስልክ ካርዱን ወሰዱ፣ ሲጋራውን፣ መሳቢያውን ከነገንዘቡ። ሽጉጡ ጆሮው ሥር ነው። ዘርአብሩክ ተንበረከከ። ሰዎቹ በቋንቋቸው ተናገሩት፣ ሙሽራዋ ቋንቋውን ገና አልለመደችም፣ ከዚያ አዘመሩት፣ ያንን የጃጁራውን መዝሙር፣ ተንበርክኮ፣ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ፣ እነሱ እየሳቁ ያጨበጭባሉ፣ አንዱ በስልኩ ይቀርጻል፣ የሱሪው መሃል እየጠቆረ እየጠቆረ ሄደ፣ ሲሚንቶው ላይ ውኃ ሠራ፣ ድምፁ ግን አልተቋረጠም፣ ሲወጡም እየዘመረ ነበር፣ ከወጡም በኋላ። በነጋታው ጎረቤት ያለችው የአገሬው አሮጊት መጥረጊያ ይዛ መጥታ የተሰባበረውን መስታወት ከሙሽራዋ ጋር ጠረገች፣ እያለቀሰች፣ ሙሽራዋ ሱሪውን አጥባ አሰጣችው። ነገሩን ግን አላነሱትም። ከዚያ ቀን በኋላ ዘርአብሩክ ዘምሮ አያውቅም።

ዝናቡ ቆሟል። መቼ ቆመ። ጸጥ ያለው አዳራሹ ነው ዝናቡ ነው። ወደ ስልኩ ማየት አልችልም። እማማ አስናቀችን አየሁ፣ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው፣ ረስተውት ነው የቀረው፣ ከዓይናቸው ጋር አይሄድም።

ይቅርታ። ይቅርታ መምህር። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ከቀኝ በኩል፣ አቶ አሳምነው ናቸው፣ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሰው የሕንፃ መሣሪያ መደብር የከፈቱት፣ የዛሬውን ውኃና ወንበር ያቀረቡት፣ ቆመዋል። እኔ አልችልም፣ ዝም ብዬ መስማት አልችልም ይላሉ፣ እህት ሰሎሜ፣ እኛም ነበርንበት እኮ፣ ተዘርፈናል፣ ተደብድበናል፣ ወንድሞቻችንን ቀብረናል፣ ግን እንዲህ አልሆንንም፣ መዝሙራችንን ለሌባ መጫወቻ አልሰጠንም፣ የኛ ሰው ሱሪው ላይ፣ በሴት ፊት፣ ምንድን ነው ይሄ፣ ውሸት ነው፣ የሰው ስም ማጥፋት ነው። አቶ አሳምነው፣ ልብ ወለድ ነው፣ ይረጋጉ እንጂ ይላሉ ጋሽ ወንዳፈረው። ምን ልብ ወለድ፣ ባሏ ማን እንደሆነ የማያውቅ እዚህ አለ ወይ፣ እናቱ ቁጭ ብለው፣ አታፍሪም ወይ አንቺ፣ የሚልክልሽን እየበላሽ። ልክ ነው የሚል ከኋላ፣ ተዋት የሚል ሌላ፣ ጉምጉምታ። እኔ የማየው የአቶ አሳምነውን እጅ ነው፣ የፊቱን ወንበር መደገፊያ ጨብጧል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ ጠጠጠ ይላል፣ ሰውየው የተቆጣ አይመስለኝም፣ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሱቅ ወለል ላይ ያለ ነው የሚመስለኝ። መልስ ልሰጥ ነው፣ ምን ብዬ፣ እውነት ነው ካልኩ ባሌን አዋረድኩት፣ ውሸት ነው ካልኩ ምን ልሠራ ቆምኩ።

እማማ አስናቀች ስልኩን ወደ ራሳቸው አዙረው በአውራ ጣታቸው ቀዩን ይፈልጋሉ፣ ሊዘጉት ነው፣ ዝጉት እማማ፣ በጌታ ዝጉት።

እማ፣ አትዝጊው።

ከስልኩ ነው። ሁሉም ሰማው። እማ ወደ ሰዎቹ አዙሪኝ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። አዞሩት። ጋሽ ወንዳፈረው ማይኩን ከእጄ ወሰዱና ወርደው ስልኩ አጠገብ ያዙት፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ የአጵሎስ ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው፣ እሱ ራሱ በላከው።

አቶ አሳምነው፣ እርስዎ ነዎት አይደል፣ ድምፅዎን አወቅሁት። እውነት ነው። ዘርአብሩክ የሚባል ሰው የለም፣ እኔ ነኝ። ሱሪዬም ረጥቧል። ካላመኑም ቪዲዮው እስካሁን እዚያ ሰፈር ይዞራል፣ ዳቦ ሊገዙ የሚመጡት ዘምር እንጂ ይሉኛል። አቶ አሳምነው ተቀመጡ። ሳያውቁት ነው የተቀመጡት።

ግን ሰሊ፣ አንድ ነገር ተሳስተሻል።

ምን፣ ምኑን፣ ሁሉን በዓይኔ አይቼ።

አላዘመሩኝም። ማንም ዘምር አላለኝም። ሽጉጥ የያዘው ሰውዬ፣ ውስጥ ማን አለ ነው ያለኝ፣ ማንም የለም አልኩት፣ ትዋሻለህ አለና ወደ ጆንያው ሄደ፣ ወደ አንቺ፣ ምን ልበል፣ ምን ልበለው፣ ብጮህ ይተኩሳል፣ ብነሳ ይተኩሳል፣ አፌ ላይ የመጣው መዝሙሩ ነው፣ በሙሉ ድምፄ ስጀምር ዞረ። ያበድኩ መሰላቸው፣ ሳቁ። ሲስቁ አይቼ ቀጠልኩ። እስኪወጡ ማቆም አልቻልኩም፣ ካቆምኩ ይመለሳል ብዬ።

ወይስ ለእናቱ ብሎ ነው፣ አሁን፣ እዚህ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማው የፈጠረው ነው፣ እሱም እንደ እኔ ሐውልት እየሠራ ነው፣ ማን ይፈርድበታል፣ እኔ ብሆን አልፈጥርም ወይ፣ ግን ጫማው፣ ነጭ ጫማ ነበር፣ ክሩ የተፈታ፣ ቀይ አቧራ የነካው፣ በስንጥቁ እየሰፋ እየሰፋ መጣ፣ ጫፉ ጆንያውን ነካው፣ ዱቄቱ በነነ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከዚያ መዝሙሩ፣ ስገልጥ ጫማው የለም። የለም። ጫማውን አልጻፍኩትም። ከታሪኩ ውስጥ ቦታ ስላጣሁለት፣ ለምን እንደተመለሰ ስለማላውቅ ተውኩት፣ ጌታ ነው ያተረፈኝ ብዬ አለፍኩት። ሰውየው የፈራበትን ስጽፍ እውነቱን የጻፍኩ መስሎኝ፣ ግማሹን፣ ያውም የሚያዋርደውን ግማሽ፣ ከጆንያ ጀርባ የሚታየውን ያህል።

ለምን አልነገርከኝም። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ማይክ የለኝም ግን ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም።

ብነግርሽ ሰሊ፣ ይላል፣ ብነግርሽ እዚያ ጆንያ ሥር ቢያገኙሽ ምን ያደርጉሽ እንደነበር አብረን ማሰብ ነበረብን፣ እኔ ያንን፣ እኔ እሱን፣ ተቆረጠ። እንደገና ፊቱ መጣ፣ አፉ ይንቀሳቀሳል ድምፅ የለም፣ ፊቱ ተሰነጣጥቆ ቆመ፣ ጠፋ። ጋሽ ወንዳፈረው ማይኩን እንደያዙ ስልኩን ያያሉ፣ ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ያያል፣ የሚያጨበጭብ የለም፣ ማጨብጨብ ነው ማልቀስ ነው የሚገባው ማንም አላወቀም፣ ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

እማማ አስናቀች ተነሱ። ሊወጡ ነው። ይውጡ፣ ልጃቸውን አዋርጄባቸዋለሁ፣ ከዛሬ በኋላ በራቸውን አልረግጥም፣ ልጄንም አያዩ ይሆናል። አልወጡም። ወደ እኔ ነው የሚመጡት፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ መድረኩ አንድ ደረጃ አለው፣ ጋሽ ወንዳፈረው ክንዳቸውን ያዙላቸው፣ ወጡ፣ ፊቴ ቆሙ፣ አጭር ናቸው፣ እንዲህ አጭር መሆናቸውን አላውቅም ነበር። በሀዲይኛ ነው የሚናገሩኝ፣ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ፣ ግን ጸጥታው ውስጥ ሁሉም ይሰማል። ያን ሰሞን ደውዬለት ነበር ይላሉ። ድምፅህ ምነው ስለው ጉንፋን ይዞኛል አለኝ። ማር በሎሚ ጠጣ አልኩት። ማር በሎሚ።

እማማ፣ ይቅር በሉኝ።

ዝም በይ፣ ይቅርታ አይደለም የምፈልገው። የወረቀትሽ አማርኛ ግማሹ አመለጠኝ፣ ሰው ሲስቅ ሳቅሁ፣ ሰው ዝም ሲል ዝም አልኩ። እንደገና ንገሪኝ። በቋንቋችን ንገሪኝ። እሱ አሁን ያለውንም ጨምረሽ፣ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ሁሉንም፣ ምንም እንዳትደብቂኝ።

ወንበር አመጡላቸው፣ እዚያው መድረኩ ላይ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው። ጋሽ ወንዳፈረው ሀዲይኛ አይሰሙም፣ ማይኩን መልሰው ሰጡኝና ራሳቸው ወለሉ ላይ፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ወረቀቱ አይረዳኝም፣ አንድም ቃል በሀዲይኛ አልተጻፈበትም፣ አጠፍኩት። በአማርኛ ሱቅ አልኩ፣ በአማርኛ ሽጉጥ አልኩ፣ በአማርኛ ሱሪ ሲረጥብ ሩቅ ነበር፣ የሌላ ሰው ሱሪ ነበር፣ በእሳቸው ቋንቋ ግን፣ እሱ አፉን በፈታበት፣ እሳቸው ሱሪውን መፍታት ባስተማሩበት፣ ከየት ልጀምር፣ ከጃጁራ፣ ከፍርግርጉ፣ አይደለም፣ ከጫማው፣ ይጠብቃሉ፣ ሁሉም ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው ቃል እየመጣ ነው፣ ጥርሴ ሥር ደርሷል፣ እማማ ዓይናቸውን ከአፌ አልነቀሉም፣ አፌን ከፈትኩ፣